ባሕር ዳር ላይ ቤት ከባለቤቱ ስትከራዩ

ያለ ደላላ ቤት የምትከራዩ ከሆነ፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሰውየው በእርግጥ ባለቤቱ መሆኑን አረጋግጡ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ፤ ስሙ ካልተመሳሰለ የውክልና ወረቀት ጠይቁ። ጨዋ አከራይ በዚህ አይቀየምም፤ የሚቆጣ ካለ መልሱን ራሱ ሰጥቷችኋል።

ለጣና በቀረቡ ዝቅተኛ ቦታዎች ቤቱን በበጋ የምታዩ ከሆነ የግድግዳውን ግርጌ ልብ በሉ። አዲስ ቀለም እርጥበትን ይሸፍናል፤ ክረምት ግን ያወጣዋል።

ከሁሉ በላይ የቆጣሪውን ነገር አትለፉት። የመብራቱ ቆጣሪ የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በሰው ቁጥር ይሁን በክፍል ውሉ ላይ ይስፈር። አንዱ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገረ፣ ሌላው አንድ አምፖል እያበራ እኩል ሲከፍሉ የግቢው ሰላም አይከርምም። ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ደግሞ አከራዩን ሳይሆን ነባሮቹን ተከራዮች ጠይቁ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የስድስት ወር በአንድ ጊዜ አምጡ ከተባላችሁ ይህን በትህትና አንሱ፤ ክፍያውንም በእጅ ሳይሆን በባንክ አስገቡ።