ርካሽ የካሜራ ጊምባል ስትገመግሙ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች

ጊምባል ካሜራ የሚታሰርበት፣ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርም ባለ ሞተር እጀታ ነው። «ርካሽ ጊምባል አይረባም» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዕቃው ሳይሆን ከአፈታተኑ ነው። «ምርጥ ነው» የሚለውም እንደዚያው። በ2013 እ.ኤ.አ. የፍሪፍላይ ኩባንያ ሞቪ ኤም 10 የተባለው ጊምባል ሲወጣ ዋጋው ለግለሰብ የሚቀመስ አልነበረም። ዛሬ ያው መሠረታዊ አሠራር በርካሾቹም ውስጥ አለ። ሴንሰሩ የእጅን እንቅስቃሴ ያነባል፣ ሦስት ሞተሮች ካሜራውን ወደ ቦታው ይመልሳሉ። ልዩነቱ ያለው የሞተሩ ጉልበት፣ የአካሉ ጥንካሬና ሶፍትዌሩ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ካርቶኑ ላይ ነው። «እስከ 1.5 ኪሎ ይሸከማል» የሚለውን ያነብና ካሜራዬ 650 ግራም ነው ብሎ ይረጋጋል። ሌንሱስ? 700 ግራም የሆነ ዙም ሌንስ ከተጨመረ 1,350 ግራም ሆነ። ማይክ፣ ፊልተር፣ ማሰሪያ ፕሌትና ገመድ ሲታከሉ ጫፉ ላይ ደረሳችሁ። ስለዚህ ሁሉንም ገጣጥማችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ክብደቱ ብቻም አይደለም። ረጅም ሌንስ ክብደቱን ወደ ፊት ይጎትታል። የጊምባሉ ክንድ አጭር ከሆነ ካሜራውን ወደ ኋላ ስባችሁ ማመጣጠን አትችሉም፣ ወይም የካሜራው ጀርባ ሞተሩን ይነካል። ኪሎው ልክ ሆኖ ቦታው እምቢ ያለበት ጊምባል ለእናንተ ካሜራ አይሆንም።

ሁለተኛው ስህተት ሚዛን ሳያስጠብቁ ማብራት ነው። ሞተሩ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዘው ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ግን በጉልበት እየታገለ ነው። ይግላል፣ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ምስሉ ላይ ደቃቅ ንዝረት ይለቃል። ሚዛን የሚጠበቀው ጊምባሉ ጠፍቶ ሳለ፣ አንዱን አቅጣጫ ጨርሶ ወደ ሌላው እየታለፈ ነው። መጀመሪያ የሌንስ ክዳኑን አውልቁ፣ ባትሪውን አስገቡ፣ ስክሪኑን በምትቀርጹበት አኳኋን ክፈቱት። ከዚያ ሌንሱን ወደ ላይም ወደ ታችም አዘንብላችሁ ልቀቁት። ባለበት ከቀረ ጥሩ ነው። ዙም ሲደረግ የሚረዝም ሌንስ ካላችሁ የምታዘወትሩት ርዝመት ላይ አድርጋችሁ አስተካክሉ። እግረ መንገዳችሁንም ክንዶቹ መቆለፊያ እንዳላቸውና ስትገፏቸው በልስላሴ መንሸራተታቸውን እዩ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአፑ ብልጭልጭ ይልቅ ይሄ ይበልጣል፤ ሁልጊዜ የምትነኩት እሱን ነውና።

ሦስተኛው በጣም የተለመደው ነው፤ ይዞ ሮጦ «ይንቀጠቀጣል» ማለት። ሦስቱ ሞተሮች የሚያርሙት መሽከርከርን ነው፤ የካሜራውን ወደ ጎን መዞር፣ ወደ ላይና ወደ ታች መዘንበል፣ እንዲሁም መጋደል። መላ ሰውነታችሁ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ ሲል ካሜራው አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ውዱም ላይ አለ። ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ፣ ተረከዝን አስቀድሞ፣ በአጭር በአጭሩ መራመድ ይቀንሰዋል።

ታዲያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዴት ይለያል? ቁሙና እጀታውን በእጃችሁ አወዛውዙት። ምስሉ ከተወዛወዘ ጥፋቱ የጊምባሉ ወይም የሚዛኑ ነው። ቆማችሁ ጸጥ ብሎ ስትራመዱ ብቻ ካረገረገ አካሄዳችሁ ነው። ለመራመዱ ፈተና ቅርብ ያለ ነገር ያስፈልጋል፤ ወንበር፣ አጥር፣ የሰው ፊት። ሩቅ ያለ ተራራ እየቀረጸ የሚፈትን ሰው ከፍ ዝቁን አያየውም። በጣም ሰፊ ሌንስም እንዲሁ ደቃቁን ንዝረት ይደብቃል፤ ጠበብ ባለ ሌንስም ሞክሩት።

በዝግታ የተለቀቀ ቪዲዮም አያታልላችሁ። በሰከንድ 60 ፍሬም ተቀርጾ በ24 የሚታይ ቪዲዮ ላይ የማንም እጅ ልስልስ ይመስላል። ሪቪው ስታዩ በመደበኛ ፍጥነት የተቀረጸውን ፈልጉ። ካሜራው በፍጥነት ዞሮ ሲቆም የሚታይበትን ቦታ ልብ በሉ፤ ደካማ ጊምባል ከማቆሚያው አልፎ ይመለሳል።

አድማሱ ዘመመ ብላችሁ ጊምባሉን ወዲያው ለሻጩ አትመልሱት። መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ ላይ አድርጋችሁ ካሊብሬት አድርጉት፤ ማለትም ሴንሰሩ ቀጥ ያለውን እንደገና እንዲለይ አድርጉ። ከዚያ የበር መቃን የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ይዛችሁ ዙሩ። ከካሊብሬሽን በኋላም መዝመሙ ደጋግሞ ከመጣ አሁን ችግሩ የዕቃው ነው።

ንዝረት ስታዩ የሞተሩን ኃይል መጨመር ሁሌም መፍትሔ አይሆንም። ኃይሉ ከበዛ እሱ ራሱ ያንዘረዝራል። የካሜራው የውስጥ ማረጋጊያም አንዳንዴ ከጊምባሉ ጋር ይጣላል፣ በተለይ በሰፊ ሌንስ ጥግ ጥጉ ሲወላገድ ይታያል። አብርታችሁም አጥፍታችሁም አወዳድሩ።

የባትሪው ሰዓት? ካርቶኑ ላይ ያለው ሚዛኑ በተጠበቀ፣ ብዙም በማይንቀሳቀስ ጊምባል ላይ የሚገኝ ነው። ከዚያ ያነሰ ጠብቁ። «ከካሜራ ጋር ይገናኛል» ሲባልም ትክክለኛውን የካሜራችሁን ሞዴል አምራቹ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። መቅረጽ ማስጀመር ይችልና ፎከስ ላይ እጅ የሚሰጥ ሞልቷል።

የመጨረሻው በወረቀት አይታይም። 1 ኪሎ የሚመዝን ጊምባል 1.5 ኪሎ ካሜራ ሲጫንበት ከሰውነታችሁ ፊት ለፊት 2.5 ኪሎ ይዛችኋል ማለት ነው። አንስቶ ማስቀመጥ ፈተና አይደለም። አሥር ደቂቃ ሙሉ ያዙት፣ ዝቅ አድርጋችሁም ሞክሩት፣ ቁልፎቹን በአውራ ጣት ትደርሱባቸው እንደሆነ እዩ። እጃችሁ ቀድሞ ከዛለ ሁለተኛ እጀታ የሚቀበል ሞዴል ፈልጉ፣ ወይም ካሜራው ላይ ቀለል ያለ ሌንስ አድርጉ።