ለአሮጌ ቮልስ በግቢ ውስጥ ጋራዥ ማዘጋጀት

አሮጌ ቮልስ ገዝተው ወይም ከአባታቸው ወርሰው በግቢያቸው ሊያድሷት የሚነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ብር የሚያወጡት ለመፍቻና ለቀለም ነው። በእኔ አስተያየት ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፤ መጀመሪያ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ፣ ቀጥሎ ከፍ ስትል የምትደገፍበት ብረት፣ ከዚያም የእሳት ማጥፊያው ይዘጋጃል፤ መፍቻ ከሁሉ በኋላ ይደርሳል። ቮልስ ለቤት ሥራ የምትመች መኪና ናት። ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) የሚያያይዙትም አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2003 ሜክሲኮ፣ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስለወጣች መለዋወጫዋ ዛሬም አልጠፋም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውም ቮልስ በመሆኗ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የራሷ ቦታ አላት፤ ይህ ግን ለላሜራዋ ዝገት ምንም አይፈይድም።

ስለ ቦታው ስናነሣ፣ መኪናዋ 4 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመትና 1 ሜትር ከ54 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላላት 6 ሜትር በ3 ሜትር ተኩል የሆነ መጠለያ ይበቃታል። በአፍንጫዋ ወደ ውስጥ ትግባ እንጂ በኋላዋ አትግባ፤ ምክንያቱም ሞተሩ የሚወጣው ከኋላ በታች በኩል ስለሆነ፣ ብርሃኑም ሰፊው ቦታም በበሩ በኩል መሆን አለበት። ብዙዎች አራቱንም ጎን በግድግዳ ዘግተው፣ መኪናዋን ደግሞ በፕላስቲክ ሸራ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ። በአዲስ አበባ ክረምት ከዚህ የከፋ አያያዝ የለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት በሸራው ሥር ታፍኖ ስለሚቆይ በሮቹ ሥር ያሉት ባዶ የላሜራ ቱቦዎችና ወለሉ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላሉ፤ ቀለሙ ደኅና መስሎ ሳለ ካቻቢቴ ሲነካው ይበሳል። ሦስት ጎኑ የተከለለ፣ ከጣሪያው ሥር አየር የሚያሳልፍ ክፍተት የተተወለት፣ አንድ ሁለት ብርሃን አስተላላፊ ቆርቆሮ ጣል ጣል የተደረገበት ተራ የቆርቆሮ ዳስ ከተዘጋ ክፍል ይሻላል። አቧራ ካሳሰበዎት አየር የሚያስገባ የጨርቅ ልብስ ይልበስላት።

ወለሉ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። ጎርፍ እንዳይገባበት ከግቢው መሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮንክሪት ይፍሰስበት፣ ወደ በሩም በመጠኑ ያዘቅዝቅ። ጉድጓድ እንዲቆፈር የሚመክር ግንበኛ አይጠፋም፤ እኔ ግን አልደግፈውም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ይተኛል፣ በክረምትም ውሃ ይሞላዋል። ይህች መኪና ቀላልና ከመሬት ከፍ ያለች ስለሆነች አብዛኛው ሥራዋ በክሪክ ተነሥታ ይሠራል።

ክሪክ ግን ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በየሰፈሩ የሚታየው ልማድ መኪናን አንሥቶ ብሎኬት ሥሯ ማስገባት ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ክብደቱ በአንድ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ምንም ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ይፈረካከሳል፣ 800 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረትም በሥራ ላይ ባለው ሰው ደረት ላይ ይወርዳል። ሁለት ጥንድ የብረት መደገፊያ እግሮች ይግዙ ወይም በወፍራም ብረት ያስበይዱ። ከኋላ የሚያርፉት ከካምቢዮው ፊት ለፊት ተሻግሮ በሚያልፈው ወፍራም የቶርሽን ቱቦ (የኋላ ሞላዎቹን በውስጡ የያዘው) ሥር፣ ከፊት ደግሞ ከሁለቱ የፊት ቱቦዎች በታችኛው ሥር ነው። ሞተሩን ራሱን በክሪክ መግፋት አይገባም። መኪናዋ ከተደገፈች በኋላ፣ ከሥሯ ከመግባትዎ በፊት፣ በእጅዎ ጠንከር አድርገው ይወዝውዟት፤ ከተነቃነቀች ድጋፉ እንደገና ይስተካከል።

ስለ እሳት በዝርዝር መናገር ግድ ይሆናል፣ ቮልሶችን ከዝገት ቀጥሎ የሚጨርሳቸው እሱ ነውና። ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ከፊት ኮፈን ሥር፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ቤንዚኑ መኪናዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ይሄዳል፤ በመጨረሻም በአጭር የጎማ ቱቦ ወደ ፓምፑና ወደ ካርቦሬተሩ ይገባል። ይህ ቱቦ በሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ በቀጥታ በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። መኪናዋ በእጅዎ በገባች ዕለት፣ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል፣ ቱቦውን ሁሉ በአዲስ ለውጠው በማሰሪያ ያጥብቁት። ሁለተኛው የእሳት ምንጭ ባትሪው ነው። የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ክዳን ከሌለው ወፍራም ሰው ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ያገናኛል፤ የመቀመጫው ጭድ መሳይ ሙሊትም ወዲያው ይያያዛል። የጎማ ክዳን ይሥሩለት።

የሞተሩ ዋና አካል የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው። አንዴ ራሱ ከተቀጣጠለ ውሃ ሲደፉበት ይብሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ 6 ኪሎ የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ይሰቀል፣ ከጎኑም የደረቀ አሸዋ የሞላ ባልዲ ይቀመጥ፤ ዱቄቱ ለቤንዚኑ እሳት ነው፣ አሸዋው ለብረቱ። ቤንዚን በተለምዶ ሃይላንድ በሚባለው የውሃ ፕላስቲክ አይቀመጥ። ዕቃ በቤንዚን አይታጠብ፤ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ ቅባቱን በደንብ ያወርደዋል፣ እንደ ቤንዚንም በቀላሉ አይያያዝም። በግቢያችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ሰልባቲዮ በተፈታበት ቀን ቡናው በሌላ ጥግ ይፈላ። ከሰል ከጋራዡ ጋር ጎረቤት መሆን የለበትም።

መሣሪያውን በተመለከተ ዝርዝሩ አጭር ነው። ከ8 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ያሉት መፍቻዎች አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ፤ 21 ለካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት ለሚፈነጥቀው) እና ቺንጋው (የማቀዝቀዣው ቀበቶ) ለሚዞርበት የዲናሞ መዘውር ዳዶ፣ 36 ለኋላ እግር ትልቅ ዳዶ ያስፈልጋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ በጠረጴዛ ላይ የተተከለ ሞርሳ፣ የክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች፣ የማጥበቂያ ኃይል የሚለካ መፍቻ ከተሟሉ ይበቃል። ያገለገለ ጥሩ መሣሪያ ሶማሌ ተራ ወይም ምናለሽ ተራ ተዟዙሮ መግዛት ከአዲስ ርካሽ መፍቻ ይሻላል፤ ርካሹ የዳዶውን ጠርዝ ያከበዋል። ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚቆራርጠው) እና የመሳሰሉት ቀላል ዕቃዎች ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጁም፤ ላሜራና ፓራፋንጎ ግን እዚሁ ይፈለግ።

ከማንኛውም የአካል ሥራ በፊት ሊብሬውን ያውጡና ከኋላ መቀመጫ ሥር በመሃለኛው ቱቦ ላይ ከተመታው የሻንሲ ቁጥር ጋር ያስተያዩት፤ የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ነው። ዝገት ሲፈገፈግ ቁጥሩ አብሮ እንዳይጠፋ ለበያጁ አስቀድመው ያሳዩት፤ በኋላ ቦሎ ሲወጣ ጣጣው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የዘይትና የቫልቭ ይሁን። ሞተሩ የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው፤ ከሽቦ ወንፊት በቀር ማጣሪያ ስለሌለው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ይኖርበታል። ወንፊቱን የያዘው ክብ ሳህን በስድስት ትንንሽ ዳዶዎች የታሰረ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጉልበተኛ መካኒኮች ያጠፋሉ፤ ማግኒዥየሙ ለስላሳ ስለሆነ ትንሽ ሲበዛበት ጥርሱ ይነቀላል። በእጅ ጥብቅ ካለ በኋላ በአጭር መፍቻ ቆንጠጥ ማድረግ ይበቃዋል።

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ አድሮ ፍጹም በበረደበት ጠዋት ነው። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን) ክዳን አንሥተው፣ የሚዞረው ጣት በጠርዙ ላይ ካለችው ጭረት፣ የታችኛው ትልቅ የሞተር መዘውርም ምልክት ከሞተሩ መገጣጠሚያ መስመር ጋር እስኪገጥሙ መዘውሩን በእጅ ያዙሩ፤ ይህ የአንደኛው ሲሊንደር ተራ ነው፣ እሱም በቀኝ ከፊት ያለው ነው። በሁለቱም ቫልቮች ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ስሷ ብረት ያዝ እያደረገች ልትንሸራተት ይገባል። ከዚያ መዘውሩን ወደ ግራ ግማሽ ዙር እያዞሩ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን በቅደም ተከተል ይለካሉ። የሚንኳኳ ቫልቭ የሚያሰጋ ይመስላል እንጂ የሚያቃጥለው ጸጥ ያለው፣ ክፍተት ያጣው ነው። በተለይ ሦስተኛው ሲሊንደር ልብ ይባል፤ በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ ነፋሱን ስለሚከለክለው ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቦሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ሲወጣ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ዋናውን ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአነስተኛ ይለውጡ። የሳሳ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዝም ሞተሩን የሚሸፍኑት ላሜራዎችና በዙሪያው ያለው ጎማ አንዳቸውም መጉደል የለባቸውም። አንዳንድ ሰው «ይተንፍስ» ብሎ ያወልቃቸዋል፤ ውጤቱ ከሥር የሚወጣው የጋለ አየር ተመልሶ መሳቡ ነው። ቺንጋውም በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይርገብ፤ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው ስለሚቆም ወዲያው ይቁሙ።

ሞተሩን ሁልጊዜ ወደ ውጭ አውጥተው ያስነሡ፤ የጭሱ መርዝ ሽታ የለውም። መኪናዋ ክረምቱን የምትቆም ከሆነ ባትሪው ይፈታ፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ፣ የእጅ ፍሬኑ ግን ይለቀቅ፤ ታስሮ ከከረመ የፍሬን ሸራው ከከበሮው ጋር በዝገት ይጣበቃልና።