ማጂክ መሀል ላይ ሲበላሽ እንዴት ትወጣላችሁ?

ማጂክ ለምትሰሩ ወይ ልትጀምሩ ላሰባችሁ፣ ሰርግ ላይም ይሁን ልደት ላይ ወይ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ለጓደኛ፣ አንድ ነገር ቀድማችሁ ያዙልኝ፦ ተመልካቹ ትሪኩ በምን እንደሚያልቅ አያውቅም። መበላሸቱን መጀመሪያ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ፣ እሱ የሚያውቀው ፊታችሁ ሲነግረው ነው። ከንፈር መንከስ፣ "ኡፍ" ማለት፣ የገዛ እጃችሁ ላይ ማፍጠጥ፣ "ይቅርታ እንደገና ልስራው" ማለት፣ እነዚህ ናቸው ሾውን የሚገድሉት እንጂ የተሳሳተው ካርታ አይደለም።

ስለዚህ ውጤቱን ቀድማችሁ አታውጁ። "አሁን የመረጥሽው ካርታ ከኪሴ ይወጣል" ካላችሁ በኋላ ካልወጣ ማምለጫ የለም፣ "ካርታሽን ማንም አላየውም አይደል? እስቲ እናያለን" ካላችሁ ግን ከኪስም ቢወጣ ከካርታው መሀልም ቢወጣ ያው ማጂክ ነው፣ ማንም "ከኪስ ነበር መውጣት የነበረበት" ብሎ አይከሳችሁም።

አሁን ሀሳብ ስለመሰብሰቡ። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ጣት ስላልቻለ ሳይሆን ሀሳብ ቀድሞ ስለሄደ ነው። አፍ ስለዚህኛው ካርታ ያወራል፣ ጭንቅላት ግን የሚቀጥለው የተደበቀ እንቅስቃሴ ላይ ነው፣ ከዛ ልጅቷ ስሟን ነግራችሁ ትንሽ ሳትቆዩ "ስምሽ ማን ነበር?" ትላላችሁ፣ ያኔ እሷም ገብቷታል፣ እዚህ የለም ይሄ ልጅ ብላለች። መድኃኒቱ "ኮንሰንትሬት አድርግ" ብሎ ራስን መጮህ አይደለም፣ እሱ ይብስበታል። የሚሰራው ትክክለኛ ጥያቄ መጠየቅና መልሱን ከልብ መስማት ነው። "ከሙሽራው ወገን ነሽ ከሙሽሪት?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ስትመልስ ፊቷን እዩ፣ መልሷን ትሪኩ ውስጥ አስገቡት። ሰው እያዳመጡ ስለ ራስ እጅ መጨነቅ በጣም ከባድ ነው፣ ሞክሩት። ደግሞም እናንተ የምታዩት ቦታ ነው ተመልካቹም የሚያየው፣ ዓይናችሁ እሷ ላይ ከሆነ የሱም እዛው ነው፣ እጃችሁ ላይ ካፈጠጣችሁ ግን "ሚስጥሩ እዚህ ነው" ብላችሁ በጣት እንደ መጠቆም ነው።

ይሄ እንዲሆን ግን ጣት ያለ ጭንቅላት መስራት መቻል አለበት፣ አቋራጭ የለውም። ቴሌቪዥን እያያችሁ፣ ስልክ እያወራችሁ ተለማመዱ። መስታወት ጥሩ ነው ግን አንድ ችግር አለው፣ ብዙ ሰው ሚስጥሯ ቦታ ስትደርስ ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍንና እንቅስቃሴው ንጹህ መስሎት ይቀራል፣ ስለዚህ በስልክ ቅረጹት። ዛሬ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን አንስቶ እየቀረጸ ነው፣ እናንተ ያላያችሁትን ነገ ቲክቶክ ላይ በስሎው ሞሽን ያዩላችኋል።

እጅ መንቀጥቀጥ ያለ ነው፣ ሁሉም ላይ ይመጣል። መክፈቻችሁ የጣት ቅልጥፍና የማይፈልግ ትሪክ ይሁን፣ ራሱ በራሱ የሚሰራ አይነት፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠጉት፣ ጠረጴዛ ካለ ካርታውን እዛ ላይ አሳርፉት። የመጀመሪያው ጭብጨባ ከመጣ በኋላ ሰውነት ራሱ ይረጋጋል።

እሺ አሁን ወደ መውጫው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ "አውት" ይሉታል፣ ትሪኩ ሲበላሽ የምትወጡበት ሁለተኛ መንገድ ማለት ነው። እያንዳንዱ ትሪክ ቢያንስ አንድ መውጫ ተለማምዳችሁለት ካልሆነ ገና አላለቀም ባይ ነኝ።

ምሳሌ፣ ሰውየው የፈለጋችሁትን ካርታ እንዲወስድ አስባችሁ ዘርግታችሁለት እሱ ሌላ መዘዘ። ምንም አልተፈጠረም። ፈገግ በሉና "ለሁሉም አሳያቸው" በሉት፣ ሰው ሁሉ የሱን ካርታ ሲያይ እናንተ የቀረውን ስታስተካክሉ ከታች ያለችውን ካርታ ስርቅ አድርጋችሁ እዩ፣ እንበል የስፔድ 9 ናት። ከዛ የላይኛውን ግማሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ሰውየው ካርታውን እላዩ ላይ ያድርግ፣ የቀረውን ግማሽ ከላይ ጫኑበት። አሁን የስፔዷ 9 ከሱ ካርታ በላይ ተኝታለች። መበወዝ የለም፣ ከፈለገ አንዴ ይቁረጠው፣ ችግር የለውም። ከላይ ጀምራችሁ ፊታቸውን እየገለበጣችሁ ስትጥሉ ከዛች 9 ቀጥላ የምትመጣው የሱ ናት። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ነገር ነው ግን በዚህ ሰዓት ሕይወት ያድናል፣ ሰውየውም የመጀመሪያውን ሀሳባችሁን በሕልሙም አያውቀውም።

ሌላው የባሰው፣ ካርታውን አወጣችሁ፣ ሰውየው "አይደለም" አለ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሞታል። አትሙቱ። "አውቃለሁ እኮ፣ ያንተ የቱ ነበር?" በሉት፣ ረጋ ብላችሁ። ሲነግራችሁ ካርታውን ፊቱን ወደ ራሳችሁ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ እየቀለዳችሁ የሱን ፈልጋችሁ ከላይ አድርጉት፣ የተሳሳተውን ከሱ ስር ሁለተኛ። ከዛ ሁለቱን አንድ አስመስላችሁ በመገልበጥ የተሳሳተውን ድጋሚ አሳዩት፣ "ይሄ በጭራሽ አይደለም?" በሉ፣ መልሳችሁ ገልብጡና የላይኛዋን መዳፉ ላይ አስቀምጡለት፣ በሌላኛው እጁ ይክደናት። ሲከፍት የራሱ ካርታ ናት። እውነት ለመናገር ይሄ ትሪኩ በትክክል ከሚሰራው የበለጠ ጭብጨባ ያመጣል፣ አውቀው እየተሳሳቱ የሚሰሩት ብዙ ናቸው።

ሳንቲም ወደቀ? ሲሚንቶ ወለል ላይ ቀጭ ብሎ ይጮሃል፣ ሰው ሁሉ ያየዋል፣ መደበቅ አይቻልም። ጎንበስ ብላችሁ አትሩጡ። ቆም በሉ፣ እናንተም እዩት፣ ከፊት ያለውን ሕፃን "ጎበዝ አንሳልኝ" በሉት። አስተውሉ፣ በዚች ሰዓት ቤቱ በሙሉ ወለል ወለሉን ነው የሚያየው፣ እጃችሁ ነፃ ነው፣ ኪስ መግባት መውጣት፣ ሌላ ሳንቲም መያዝ፣ የፈለጋችሁትን ማድረግ ትችላላችሁ። ሆን ተብሎ እንኳ እንዲህ ያለ ሽፋን አይገኝም።

ሕፃን ካነሳሁ አይቀር፣ "አየሁት! እጁ ውስጥ ነው!" ብሎ የሚጮህ አንድ አይጠፋም። አትጣሉት፣ አትዋሹትም። "ጎበዝ ዓይን አለህ" በሉትና ወደ መድረክ አምጡት፣ ረዳት አድርጉት፣ ረዳት ከሆነ በኋላ የእናንተ ወገን ነው። መብራት ሲጠፋ ወይ ማይኩ ሲሞት ደግሞ ለመሙላት ብላችሁ አትለፍልፉ፣ አጠገብ ላለው ጠረጴዛ በስልክ ባትሪ ብርሃን አንዲት ትንሽ ነገር ስሩ፣ ሌላው ራሱ ተነስቶ ይከባችኋል።

የእኛ ሀገር ተመልካች ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። "በስመ አብ" ብለው የሚያማትቡ እናቶች አሉ፣ ካርታ ሲያዩም መርካቶ ላይ "ቀይዋን ያየ" እያሉ ሰው የሚያራቁቱት ትዝ የሚላቸው አሉ። እንደዚህ አይነት ፊት ስታዩ ካርታውን ኪስ ክተቱና በክር፣ በመሀረብ ወይ በራሳቸው ቀለበት ስሩ፣ "እማማ የእጅ ቅልጥፍና ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም" በሏቸው። ሚስጥር አላወጣችሁም፣ እሳቸው ግን ዘና ብለው ያያሉ።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ማንንም ለማይጎዳ ትሪክ ነው። ቢላ፣ ሚስማር፣ እሳት፣ ጥይት ሲመጣ ህጉ ይገለበጣል፣ ትንሽ ጥርጣሬ ካለ ማስመሰል የለም፣ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1918 ቹንግ ሊንግ ሱ በሚል ስም የሚሰራው አሜሪካዊ ማጂሺያን ለንደን መድረክ ላይ ጥይት የመያዝ ትሪክ ሲሰራ ጠብመንጃው እውነተኛ ጥይት ተኩሶበት ሞተ፣ መሳሪያው አርጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፖላንድ ውስጥ በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ላይ ሚስማር የተደበቀበትን የወረቀት ከረጢት የመለየት ትሪክ ሲሰራ የፕሮግራሙ አቅራቢ መዳፍ ሚስማሩ ላይ አረፈ። የሰው እጅ ለዚች ትሪክ ባትጠቀሙ ደስ ይለኛል፣ የእናንተንም ጭምር።

በዚህ ላይ ቶሚ ኩፐርን አስቡት፣ ቀይ ኮፍያ የሚያደርገው ብሪታኒያዊ ኮሜዲያን፣ ሙሉ ስራው ትሪኮቹ ሲበላሹበት ማሳቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በቀጥታ ስርጭት ላይ ልቡ ቆሞ መድረኩ ላይ ሲወድቅ ሰው የቀልዱ ክፍል መስሎት ሳቀ። ስለዚህ በስህተት የምትቀልዱ ከሆነ ከዲጄው ወይ ከረዳታችሁ ጋር ቀድማችሁ አንድ ቃል ተስማሙ፣ ቀልድ ውስጥ በፍጹም የማትሉት ቃል፣ እሱ ሲባል ሙዚቃ ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ ሰው ይመጣል።

ሾው ሲያልቅ ጓደኛችሁን "አየኸው እንዴ ስህተቴን?" ብላችሁ አትጠይቁት፣ ባያይም አሁን አሳያችሁት። "ከመጀመሪያ ጀምረህ ምን እንዳየህ ንገረኝ" በሉትና ዝም በሉ። የሚዘላት ቦታ አልታየችም ማለት ነው፣ "ከዛ ደግሞ እጅህን እንዲህ አድርገህ" የሚላት ቦታ ግን ነገ ጠዋት የምትለማመዷት ናት።