አረምን በአጃና በቬች ማፈን

ጓሮ ያለው ሰው ያውቀዋል። ዛሬ አርማችሁ ያጸዳችሁት መደብ ዝናብ ሲያገኝ በሳምንቱ መልሶ አረንጓዴ ይሆናል። አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት የሚቆይ የአረም ዘር አለ። በዶማ በቆፈርን ቁጥር ከፊሉን ወደ ላይ እናወጣዋለን፤ ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል። ስለዚህ መሬቱን ባዶ አለመተው ይሻላል። እኛ የዘራነው ቀድሞ ከሸፈነው አረሙ ብርሃን ያጣል።

ለደጋና ለወይና ደጋ እኔ የምመርጠው አጃና ቬች (ለመኖ የሚዘራ፣ እየተሳበ የሚያድግ ጥራጥሬ) ቀላቅሎ መዝራት ነው። የወተት ላም ያላቸው ገበሬዎች ለመኖ የሚዘሩት ያው ቅልቅል ነው። አጃው ቶሎ ይነሳል። ቬቹ እሱን ተደግፎ እየተሳበ ክፍተቱን ይሞላል። ጥራጥሬ ስለሆነም ናይትሮጂን ከአየር ወስዶ ሥሩ ላይ ያከማቻል።

በልግ በሚዘንብበት አካባቢ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ጀምሩ። መጀመሪያ ሰርዶና እንግጫ ካለ ቆፍራችሁ ከነሥሩ ልቀሙ። እነዚህ ከሥር ስለሚያቆጠቁጡ በጥላ ብቻ አይሸነፉም። ከዚያ መሬቱን አለስልሱና ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቁ። ላይ ላዩን ያለው የአረም ዘር በዝናቡ ይበቅላል። ቡቃያውን በስሱ ኮትኩታችሁ አጥፉት፤ በጥልቀት ግን አትቆፍሩ።

አሁን ዝሩ። ለ10 በ10 ሜትር መሬት 1 ኪሎ አጃና 300 ግራም ቬች ይበቃል። ለምግብ የተፈተገ አጃ ስለማይበቅል ገለባው ያልተለየውን፣ የመኖ ዘሩን ግዙ። በእጅ በትኑና 3 ሳንቲሜትር ያህል አፈር አልብሱት። እባካችሁ ዘር አትቆጥቡ፤ የሳሳው ቦታ ሁሉ የአረም ነው። በልጉ ከዘገየ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ውኃ አጠጡት።

ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁለት የማጨጃው ጊዜ ነው። ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ቬቹ ያብባል። የአጃውን ፍሬ በጣታችሁ ጫን ስታደርጉት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል። ያኔ በማጭድ ከመሬት አስጠግታችሁ እጨዱ። ቀድማችሁ ካጨዳችሁ አጃው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከዘገያችሁ ደግሞ ቬቹ ዘሩን ያራግፍና በሚቀጥለው ዓመት እሱ ራሱ አረም ይሆንባችኋል።

ብዙ ሰው የታጨደውን ወዲያው ከአፈር ጋር ይገለብጠዋል። ለማዳበሪያነት ደግ ነው። ለአረም ከሆነ ግን መገልበጡ የተኛውን ዘር መልሶ ይቀሰቅሳል። እኔ ባለበት እንዲቀር ነው የምመክረው። ለበዓል ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው ወፈር አድርጋችሁ፣ 10 ሳንቲሜትር ያህል ጎዝጉዙት። ሥሩ እዚያው ይበስብስ።

ላም ካላችሁ መኖው እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግማሹን ስጧት፤ በሌላው ግማሽ መደቡን አልብሱት። ሁሉንም ከወሰዳችሁት አረሙ ይመለሳል። አጥር ከሌላችሁ ከብት እንዳይገባ አስቀድማችሁ እጠሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኔ መጨረሻ ግድም፣ ጉዝጓዙን በእጅ ገለጥ እያደረጋችሁ የጥቅል ጎመን ወይም የሐበሻ ጎመን ችግኝ ትከሉ። ካሮትና ሰላጣ በዘር መዝራት ካሰባችሁ ግን ሌላ መደብ ፈልጉ፤ ደቃቅ ዘር በጉዝጓዝ ውስጥ አልፎ መውጣት ይከብደዋል። በክረምት ከጉዝጓዙ ሥር ቀንድ አውጣ ይደበቃል፤ ሲመሽ በባትሪ እያያችሁ ልቀሙ። በመሃል ብቅ የሚል አንዳንድ አረምም አይጠፋም። ዘር ሳይጥል በእጅ ንቀሉት፤ አፈሩ እርጥብ ስለሆነ ሳይበጠስ ከነሥሩ ይወጣል።