ከባህር ዳርቻ ቆሞ ዓሣ ለማጥመድ፦ ጠንካራ ሪልና ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰሩ ዕቃዎች አመራረጥ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ዓሣ ወዳጆች አሳቲግ ደሴት የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ጀልባ አያስፈልግም። አሸዋው ላይ ቆማችሁ ወደ አትላንቲክ ትወረውራላችሁ። በሜይ አካባቢ፣ እንደገና ደግሞ በኦክቶበርና በኖቬምበር፣ ስትራይፕድ ባስ፣ ብሉፊሽና ትልልቅ ሬድ ድረም ወደ ዳር ይጠጋሉ። ግን ሀዋሳ ወይም ላንጋኖ ላይ ቆሮሶ ለማውጣት የበቃ ዕቃ እዚህ አይሠራም። ጨው፣ አሸዋና ማዕበል ሌላ ዓይነት ዕቃ ይጠይቃሉ።

ክሩ ከሚጠቀለልበት መዘውር፣ ከሪሉ እንጀምር፤ ገንዘባችሁ የሚሄደው እዚያ ነውና። ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ውሃና አሸዋ እንዳይገባበት ምን ያህል ተደፍኗል ብላችሁ ነው። ጨዋማ ውሃ ሪሉን በሚያሽከረክሩት ኩሽኔቶች (ቤሪንግ) ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ ጨዉ እዚያው ይቀራል፣ ከዚያ ዝገት ይከተላል። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ድራጉ ነው። ድራግ ማለት ዓሣው ሲጎትት ክሩ ከሚበጠስ ይልቅ በመጠኑ እየለቀቀ የሚሰጥ ፍሬን ነው፤ ውስጡ ውሃ ወይም አሸዋ ከገባ አንዴ ይለቃል፣ አንዴ ይይዛል፣ ክር የሚበጠሰውም ልክ በያዘባት ቅጽበት ነው።

ሳጥኑ ላይ አይፒኤክስ የሚል፣ ውሃ የመቋቋም ደረጃን የሚያሳይ ምልክት ፈልጉ። ፔን ከሚባለው ፋብሪካ ሪሎች ስፒንፊሸር 6 አይፒኤክስ5 ነው፣ ስላመር 4 ደግሞ አይፒኤክስ6። ሁለቱም የሚረጭ ውሃን ይቋቋማሉ፣ ባህር ውስጥ እንዲነከሩ ግን አልተሠሩም። ወገባቸው ድረስ ገብተው የሚያጠምዱ ሰዎች ቫን ስታል የሚባለውን ሪል የሚገዙት ለዚህ ነው፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ለጀማሪ ስፒንፊሸር ይበቃል ባይ ነኝ። መጠኑ 6500 ይሁን። ይህ ቁጥር በየፋብሪካው ስለሚለያይ የሌላ ብራንድ ከሆነ ቁጥሩን ትታችሁ የሚይዘውን ክር እዩ፦ 30 ፓውንድ የሚችል ብሬይድ (የተገመደ ክር) ቢያንስ 300 ያርድ መያዝ አለበት። አካሉ ብረት ይሁን። ፕላስቲክ ከባድ ዓሣ ሲጎትተው ይጣመማል፣ ጥርሶቹም በትክክል አይገጥሙም።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የድራግ ኃይል አያታልላችሁ። በ30 ፓውንድ ክር ድራጉን የምታስተካክሉት ከ7 እስከ 9 ፓውንድ ላይ ብቻ ነው፣ ማለትም የክሩን ሩብ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ። ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ሻንጣ የምትመዝኑባት ትንሽ ሚዛን ለዚህ ሥራ ግሩም ናት፤ ክሩን መንጠቆዋ ላይ አስራችሁ ጎትቱና ስንት ላይ መልቀቅ እንደሚጀምር አንብቡ።

ቀጥሎ ከዋናው ክር ጫፍ ጋር የሚታሰር ወፍራም መወርወሪያ ክር አለ፣ ሾክ ሊደር ይሉታል። እባካችሁ ይህን አትዝለሉት። በ30 ፓውንድ ክር 5 አውንስ የእርሳስ ብረት ክብደት በሙሉ ጉልበት ስትወረውሩ ክሩ ሊበጠስ ይችላል፣ ያ እርሳስ ሰው ቢመታ ይገድላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ አውንስ እርሳስ 10 ፓውንድ። ለ5 አውንስ 50 ፓውንድ ሞኖ (ያልተገመደ ነጠላ የናይሎን ክር) ማለት ነው፣ ማባበያውም ክብደት ስላለው 60 ብታደርጉት ጥሩ ነው። ርዝመቱ ልትወረውሩ ስትዘጋጁ ከእርሳሱ ተነስቶ በዘንጉ ጫፍ በኩል ሪሉ ላይ ደርሶ አምስት ስድስት ዙር የሚጠመጠም ይሁን። ከብሬይዱ ጋር ለማገናኘት ኤፍጂ የሚባለው ቋጠሮ ቀጭን ስለሆነ የዘንጉን ቀለበቶች ሳይነካካ ያልፋል። ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቤት ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት።

እርሳሱ ፒራሚድ ቅርጽ ያለው ይሁን፤ አሸዋ ውስጥ ቆንጥጦ ይይዛል። ሞገዱ ወደ ጎን የሚወስድ ከሆነ ሽቦ እግሮች ያሉት ስፑትኒክ ይሻላል። ዘንጋችሁ ላይ ከተጻፈው ክብደት ግን አትለፉ።

ለትልቅ ዓሣ የምመክረው አሠራር እንዲህ ነው። እርሳሱ የሚንጠለጠልበትን ተንሸራታች ሾክ ሊደሩ ላይ ታስገባላችሁ፣ ቀጥሎ አንድ ዶቃ፣ ከዚያ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከር ማገናኛ) ታስራላችሁ። ከስዊቭሉ ወዲያ አንድ ስንዝር የማይሞላ ወፍራም ሞኖ፣ ጫፉ ላይ በመጠን 7/0 ወይም 8/0 የሆነ ሰርክል መንጠቆ (ሹሉ ወደ ውስጥ የታጠፈ)። ይህ ክር ሲያጥር ሲወረወር አይሽከረከርም፣ ዓሣውም መንጠቆውን የመዋጥ ዕድሉ ይቀንሳል። ስትራይፕድ ባስን በምግብ ማባበያ ለማጥመድ ሰርክል መንጠቆ ከ2021 ጀምሮ ግዴታ ነው። ጫፉ ወደ ጎን ያልዞረውን ምረጡ። ዓሣው ሲነካ ዘንጉን ነጠቅ አታድርጉ፣ ክሩ ሲወጠር በቀስታ መጠቅለል ጀምሩ፤ መንጠቆው ራሱ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይይዛል።

ስዊቭልና ስናፕ (የሚከፈትና የሚዘጋ ማያያዣ) ላይ ሰው ሳንቲም ይቆጥባል፣ ይህ ያናድደኛል። ውድ ሪልና ምርጥ ክር ይዞ ጫፉ ላይ እንደ መርፌ ቁልፍ የምትከፈት ቀጭን ስናፕ የሚያስር ሰው ዓሣውን የሚያጣው በእሷ ነው። ኮስትሎክ የሚባለውን የስናፕ ዓይነት ግዙ፣ ማሸጊያው ላይ 80 ፓውንድ ወይም በላይ የሚል። ቀለሙ ጥቁር ይሁን፣ ብሉፊሽ የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ ይነክሳል፣ ክሩንም አብሮ ይቆርጠዋል። ብሉፊሽ ብዙ ባለበት ቀን መንጠቆው ላይ አጭር ሽቦ አድርጉ።

ጠንካራ ዕቃ ለዓሣውም ይጠቅማል። በሜሪላንድ 27 ኢንች፣ በቨርጂኒያ 26 ኢንች ያለፈ ሬድ ድረም መለቀቅ አለበት፣ በደካማ ዕቃ ረጅም ጊዜ የታገለ ዓሣ ደግሞ ቢለቀቅም ላይተርፍ ይችላል። ደንቦቹ ስለሚቀያየሩ ከመውጣታችሁ በፊት የግዛቱን የወቅቱን ደንብ እዩ።

ቤት ስትመለሱ ድራጉን ጠበቅ አድርጋችሁ ሪሉን በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቡት። በኃይለኛ ውሃ አትምቱት፣ ጨዉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በጨርቅ አድርቁትና ድራጉን አላልታችሁ አስቀምጡት።