ዴላዌር ድረስ ከመንዳታችሁ በፊት፦ የአንድ ሾፌር ሒሳብ

የአክስቴ ልጅ በዲቪ መጥቶ ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ጫማ ሊገዛ አብረን አንድ ሱቅ ገባን። ጫማው ላይ 99.99 ተጽፏል። መቶ ዶላሩን አጥፎ በእጁ ይዞ ተሰለፈ። ካሸሯ 105.99 ስትለው ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ሳታጭበረብረኝ አልቀረችም» አለኝ በአማርኛ፣ እንደማትሰማው ተማምኖ።

«ታክስ ነው ወንድሜ» አለችው ሳቋን እየዋጠች። ሐበሻ ነበረች።

መኪና ውስጥ እንደገባን የጠየቀኝ ሌላ ነገር አልነበረም። «ታክስ የሌለበት ስቴት አለ ብለውኛል፣ ዴላዌር የሚባል። ለምን እዚያ ሄደን አንገዛም?» እኔም በመጣሁ ሰሞን ጠይቄዋለሁ፤ መልሱ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶኛል። አሥራ አንድ ዓመት ኡበር ስለነዳሁ ማይልና ቶል (የመንገድ ክፍያ) ማስላት ልማዴ ሆኗል። ለእሱ ያሰላሁለትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ። አሜሪካ ውስጥ አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስ የለም፤ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ይቆርጣል፣ ሱቁም ዋጋው ላይ ሳይጽፈው ካሸሯ ጋ ስትደርሱ ይጨምረዋል። የሜሪላንድ 6 በመቶ ነው። የቨርጂኒያ 5.3 ነው፤ እኛ የምናውቀው ሰሜን ቨርጂኒያ ግን፣ አሌክሳንድሪያም አርሊንግተንም፣ 6 ነው። ዴላዌር ዜሮ። የስቴት የሽያጭ ታክስ የሌላቸው አምስት ስቴቶች ብቻ ናቸው፤ ለእኛ በመኪና የሚቀርበው እሱ ነው።

አስቤዛን በተመለከተ ማንም ስቴት አይሻገር። ሜሪላንድም ዲሲም ጥሬ የምግብ ዕቃ ላይ ታክስ የለም፤ ቨርጂኒያ 1 በመቶ ነው። ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ዘይት ከሚቀርባችሁ ግዙ። ለስላሳና ከረሜላ ግን ሜሪላንድ ውስጥ እንደ ምግብ አይቆጠሩም፣ 6 በመቶውን ይከፍላሉ። የአልኮል መጠጥ ደግሞ 9 በመቶ ነው። እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ ሲሸጥ ታክስ የለበትም፤ ያው እንጀራ ወጥ ፈሶበት ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ አለበት።

ጠረጴዛ ካነሳን፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ልዩነት ያለው እዚህ ጋ ነው። ክትፎና በያይነቱ ለቤተሰብ አዛችሁ 80 ዶላር መጣ እንበል። ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ታክሱ 4.80 ነው። ዲሲ ምግብ ቤት 10 በመቶ ስለሆነ 8 ዶላር ይሆናል። አሌክሳንድሪያ ከተማው በ6ቱ ላይ የራሱን 5 በመቶ የምግብ ታክስ ስለሚጨምር 8.80። በሳምንት አንዴ ውጭ የሚበላ ቤተሰብ በዓመት ሲደመር ትንሽ ብር አይደለም። ቲፕ ስትሰጡም ታክሱ ከመጨመሩ በፊት ባለው ሒሳብ ላይ አስሉት። (ይህን ስል ቲፕ ቀንሱ ማለቴ አይደለም፤ ባለቤቴ አስተናጋጅ ሆና ስለሠራች በዚህ ቀልድ አላውቅም።)

አሁን ወደ ዴላዌር እንሂድ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በአይ-95 አውራ ጎዳና ዴላዌር ያለው ክርስቲያና ሞል ድረስ 90 ማይል ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 180። የእኔ ካምሪ በጋሎን 30 ማይል ይሄዳል፣ ስድስት ጋሎን በሉት። ጋሎኑ 3 ዶላር ከ20 ሲሆን 19 ዶላር ነዳጅ። ቶል፦ የባልቲሞር ዋሻ ሲኬድም ሲመለስም፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ስትሄዱ ብቻ የሚከፈለው የሜሪላንዱ፣ ከዚያ ድንበሩን እንደተሻገራችሁ የዴላዌሩ፣ እሱ ሲኬድም ሲመለስም ነው። በሜሪላንድ ኢዚ ፓስ (መኪናው ላይ ተለጥፎ ቶሉን ከሒሳባችሁ የሚቆርጠው መሣሪያ) ሁሉም ተደምሮ 20 ዶላር ገደማ ወጥቶብኛል። ኢዚ ፓስ ከሌላችሁ ታርጋችሁን ፎቶ አንስተው በፖስታ የሚልኩላችሁ ሒሳብ ከዚህ በጣም ይበልጣል። የባልቲሞሩን ቶል ላለመክፈል በቀለበት መንገዱ በ695 በምዕራብ በኩል መዞር ይቻላል፤ የዴላዌሩን ደግሞ ድንበሩ ሳይደርስ በኤልክተን ኤግዚት ወጥቶ በውስጥ መንገድ ማለፍ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ያተረፍኩት መብራት ላይ መቆም ነው።

እንግዲህ መንገዱ ከነቡናው 40 ዶላር ይሁን። ስድስት በመቶ 40 ዶላር የሚሆነው ስንት ዶላር ሲገዙ ነው? 667። ከዚያ በታች ከገዛችሁ ገና ሞሉ በር ላይ ከስራችኋል። ጊዜያችሁንም ቁጠሩ። መንዳቱ ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ሞሉ ውስጥ ሁለት ሰዓት። ያን ስድስት ሰዓት ሠርቼበት ቢሆን በሰዓት ተጣርቶ 20 ዶላር ይዤ እገባ ነበር ብል፣ ያው 120 ዶላር ተጨመረ። አሁን 160 ደረስን፤ ለመተካት 2,667 ዶላር ዕቃ መግዛት አለብኝ ማለት ነው።

እኔ ይህን ሳላሰላ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሄጄ አንድ ቴሌቪዥን ገዛሁ። 450 ዶላር። «27 ዶላር ታክስ አተረፍኩ» እያልኩ እስከ ባልቲሞር ፊሽካ እያፏጨሁ ነበር የመጣሁት። ባለቤቴ የቶሉን ሒሳብና የነዳጁን ደረሰኝ አይታ «ታዲያ 13 ዶላሩ የሽርሽር ነው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ በብላክ ፍራይደይ ያው ቴሌቪዥን፣ የሞዴል ቁጥሩ ሳይቀር ያው፣ እቤታችን አጠገብ 400 ገባ። ከነታክሱ 424 ማለት ነው። እኔ ከነመንገዱ 490 አውጥቻለሁ።

በዚህም አላበቃም። በዓመቱ መጀመሪያ ግብር ላሠራ ታክስ ሠሪ ጋ ሄጄ፣ ወሬ ለማሳመር ብዬ የዴላዌሩን ነገር አነሳሁለት። ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠና «ዩዝ ታክሱንስ ከፈልክ?» አለኝ። እኔ ስሙንም ሰምቼው አላውቅም።

ነገሩ ይህ ነው። ሜሪላንድ የምትኖር ሰው ታክስ የሌለበት ቦታ ዕቃ ገዝተህ እቤትህ ካመጣኸው፣ ሱቁ ያልቆረጠውን 6 በመቶ አንተ ራስህ ለስቴቱ ማሳወቅና መክፈል አለብህ። ዩዝ ታክስ የሚባለው ይህ ነው፤ በየሦስት ወሩ የሚሞላ ፎርም አለው። ሌላ ስቴት ከፍለህ ከሆነና የከፈልከው ካነሰ፣ ልዩነቱን ብቻ ነው የምትጨምረው። ቨርጂኒያም ዲሲም የራሳቸው አላቸው። «ማን ይከፍለዋል?» የሚል አይጠፋም፤ እኔም ብያለሁ። ታክስ ሠሪው የመለሰልኝ «እኔ የጠየቅኩህ አንተን ነው» ብሎ ነው። ግሪን ካርድ ይዤ ዜግነት የምጠብቅ ሰው ነበርኩ፤ በ27 ዶላር እንቅልፍ ማጣት አልፈለግኩም፣ ሞልቼ ላክሁ። ቴሌቪዥኑ 517 ገባ።

ስለዚህ ለቤት የሚሆን ዕቃን ታክስ ለመሸሽ ብሎ ዴላዌር ድረስ መንዳት፣ በሕጉ ከተኬደ፣ ትርፉ መንገዱ ብቻ ነው። ሰርግ ወይም ለቅሶ ይዟችሁ ወደ ፊላደልፊያ ወይም ኒውዮርክ ስታልፉ ግን መንገዱን ለሌላ ጉዳይ ስለከፈላችሁት፣ ሞሉ ቅናሽ ላይ ከሆነ ጎራ ማለት ጥሩ ነው። ምሳችሁንም እዚያ ብሉ፤ የበላችሁት ላይ የሚጨመር የሽያጭ ታክስ የለም፣ ይዛችሁት ድንበር የምትሻገሩትም ነገር የለም።

በኢንተርኔት ማዘዝም መሸሻ አይደለም። ከ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ወዲህ ስቴቶች እዚያ ሱቅ የሌለውን ሻጭም ታክስ ማስቆረጥ ስለሚችሉ፣ ትልልቆቹ ሻጮች ዕቃው በሚደርስበት አድራሻ ያስላሉ። እቤት ድረስ ካሉ የሜሪላንድ 6 በመቶ፣ ዴላዌር ሱቅ ሄጄ አነሳለሁ ካሉ ዜሮ። የምታልፉ ከሆነ ከዋዜማው አዛችሁ «ከሱቅ እወስዳለሁ» ብሉ፤ ደርሶ «አልቋል» ከመባል ያድናል። ደረሰኙን ደግሞ አትጣሉ። እዚያ የገዛሁትን ሸሚዝ እዚህ በያው ሱቅ ቅርንጫፍ ቁጥሩን ልቀይር ስሄድ፣ ተቀያሪው ላይ የሜሪላንድ ታክስ ተጨምሮ ጠበቀኝ።

መኪናስ? መኪና ዴላዌር ገዝቼ ታክስ አመልጣለሁ የሚል ወዳጅ ካላችሁ ቶሎ ድረሱለት። የመኪና ታክስ የሚከፈለው ታርጋ በምታወጡበት ስቴት ነው። ሜሪላንድ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ይቆርጣል፣ ቨርጂኒያ 4.15። የትም ግዙት፣ ታርጋ ስታወጡ ያገኟችኋል።

አሁን እኔ ራሴ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ከሠፈሬ ሳልወጣ፣ በሕጉ። ሜሪላንድ በየዓመቱ ኦገስት ውስጥ፣ ከሁለተኛው እሑድ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እያንዳንዱ 100 ዶላርና ከዚያ በታች የሆነ ልብስና ጫማ ላይ ታክስ አይቆርጥም። ልብ በሉ፣ ገደቡ በየዕቃው እንጂ በጠቅላላው አይደለም፤ ዘጠኝ ሸሚዝ በ60 በ60 ቢሆን ዘጠኙም ነጻ ነው። 101 ዶላር የሆነ ጫማ ግን ሙሉውን 6 በመቶ ይከፍላል። የትምህርት ቤት ቦርሳ የመጀመሪያው 40 ዶላር ነጻ ነው። የእጅ ቦርሳ ግን አይገባም። የልጆቼን የዓመት ልብስና ለገና አገር ቤት የምልከውን ጫማ በሙሉ የምገዛው በዚያ ሳምንት ነው፤ ሱቆቹም ያን ሰሞን ቅናሽ ይደርቡበታል። ቨርጂኒያ ያላችሁ በኦገስት መጀመሪያ ዓርብ የሚጀምር የሦስት ቀን የራሳችሁ አላችሁ።

ሁለተኛው ፌብሩዋሪ ነው። የፕሬዚዳንቶች ቀን ያለበት ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ሜሪላንድ ውስጥ ኢነርጂ ስታር የሚል የኃይል ቆጣቢነት ምልክት ያለበት ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ፣ ኤር ኮንዲሽነር ታክስ የለውም። ፍሪጃችን እያቃሰተ ከዲሴምበር እስከዚያች ቅዳሜ ጠበቅነው፤ ወተቱን በረንዳ ላይ እያሳደርን። 1,200 ዶላር ነበር፤ ታክሱ 72 ይሆን ነበር። ቶል የለ፣ ፎርም የለ፣ እቤት ድረስ አመጡልን።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ኳስ እያየ ነበር። «ታዲያ ዴላዌር አንሄድም ማለት ነው?» አለኝ። ትንሿ ልጄ ከጓዳ ሪሞቱን ይዛ መጣችና «ባባ፣ ዴላዌርን ወደ ካርቱን ቀይርልኝ» አለች። ግራ ገብቶት አየኝ። እናቷ ናት ያስለመደቻት፤ ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥኑን በሌላ ስም የሚጠራው የለም።