ቡታጋዝ ከመለኮሳችሁ በፊት መስኮት ክፈቱ

የከሰል ጭስ ጎጂ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ቡታጋዝ ግን ስለማይጨስ ምንም የማያመጣ ይመስለናል። ችግሩ ያ ሰማያዊ ነበልባል ራሱ ነው። ኃይለኛው ሙቀት አየር ውስጥ ያሉትን ናይትሮጅንና ኦክስጅን ያዋህዳል። በዚህ የሚፈጠረው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ የመተንፈሻ ቱቦን ያስቆጣል፣ አስም ያለበትን ልጅ ደግሞ ያባብስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የዚህን ጋዝ የዓመት አማካይ ጣሪያ በሜትር ኪዩብ ከ40 ወደ 10 ማይክሮግራም ያወረደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ መስኮቱን ቀድማችሁ ክፈቱ፤ ሽታ እስኪመጣ አትጠብቁ። እሳቱ ከድስቱ ቂጥ አልፎ ወደ ጎን እንዳይወጣ ቀንሱት። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ማቁላላት ሰዓታት ይፈጃልና መብራት ካለ እሱን በኤሌክትሪክ ምድጃ አድርጉት። የሻይ ውኃም እንዲሁ። ሕፃን አዝላችሁ ምድጃው ፊት ባትቆሙ ይመረጣል።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከምድጃው በላይ ያለውን የአየር መሳቢያ እዩት። ቱቦው ወደ ውጭ ካልወጣና አየሩን መልሶ ኩሽና ውስጥ የሚለቅ ከሆነ ቅባትና ሽታ ይይዝ ይሆናል እንጂ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን ከቤት አያስወጣም። ያኔም መስኮት መክፈት ነው።